ያውቁ ኖሯል? ሐዘን፣ ገድና ወፍ በጎቲክ ግጥም

ያውቁ ኖሯል? በእንግሊዝና በአሜሪካ ወፍ በመስኮት ወደ ቤት ከገባ ከቤተሰቡ ሰው ይሞታል ተብሎ ለዘመናት ሲፈራ ኖሯል። የአሜሪካዊው ገጣሚ የኤድጋር አለን ፖ «ቁራው» የተባለው ግጥም ይህን ፍርሃት ገለበጠው። በግጥሙ ውስጥ ቁራው በዲሴምበር እኩለ ሌሊት በመስኮት ሲገባ ሌኖር የምትባለው የተራኪው ተወዳጅ ቀድማ ሞታለች። ወፉ የሚያረዳው አዲስ መርዶ የለውም። ፍርሃቱ የሚመነጨው ብቻውን ተቀምጦ ወፉን ከሚጠይቀው ሐዘንተኛ ነው። (በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? የፖ እናት፣ የፖ ታላቅ ወንድምና የፖ ሚስት ሦስቱም የሞቱት በ24 ዓመታቸው ነው። ሦስቱንም የወሰዳቸው የሳንባ ነቀርሳ መሆኑ ይታመናል። እናቱ ኤሊዛቤት የመድረክ ተዋናይት ነበረች፤ በዲሴምበር 1811 በሪችመንድ ከተማ ስትሞት ልጇ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። አባቱ ቀደም ብሎ ቤተሰቡን ጥሎ ሄዷል። ሕፃኑን ወስዳ ያሳደገችው የነጋዴው የጆን አለን ሚስት ፍራንሲስ ናት። እሷም በ1829 ስትሞት ፖ ከነበረበት የጦር ሠፈር ተነሥቶ ሪችመንድ የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ነው። በአገራችን ቀብር ያመለጠው ሰው ምን እንደሚሰማው ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ወንድሙ ሄንሪ ደግሞ በ1831 ተከተለ። ስለዚህ ስለ ሐዘን የጻፈው ይህ ሰው ጉዳዩን ከመጽሐፍ አልተማረም።

ስለ ሚስቱ ስለ ቨርጂኒያ የሚነገረው ታሪክ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። በጃንዋሪ 1842 እየዘፈነች ሳለ ከአፏ ደም ፈሰሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ለአምስት ዓመታት አንድ ጊዜ ትድናለች፣ አንድ ጊዜ ትወድቃለች። ፖ ከሞተች በኋላ በ1848 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሕመሙ ባገረሸ ቁጥር የሞቷን ሥቃይ ሁሉ እንደ አዲስ ይቀምስ እንደነበር ገልጿል። «ቁራው» በኒውዮርኩ «ኢቭኒንግ ሚረር» ጋዜጣ የታተመው በጃንዋሪ 29 ቀን 1845 ነው። ቨርጂኒያ የሞተችው በጃንዋሪ 30 ቀን 1847 ነው። ልዩነቱ ሁለት ዓመት ከአንድ ቀን። ለሞተች ሴት የሚለቀስበት ያ ዝነኛ ግጥም ሲወጣ የገጣሚው ሚስት በሕይወት ነበረች ማለት ነው። ብዙ አንባቢዎች ግጥሙ የተጻፈው ለእሷ ሞት ይመስላቸዋል፤ አይደለም። ፖ እርሙን ማውጣት የጀመረው ሴትዮዋ ሳትሞት ነው። በእኔ አስተያየት የግጥሙ ጭካኔ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፤ ገና ያልሞተን ሰው ማልቀስ ማብቂያ የለውምና።

ያውቁ ኖሯል? ፖ በመጀመሪያ ያሰበው ቁራ ሳይሆን በቀቀን ነበር። ይህን የነገረን እሱ ራሱ ነው፤ በኤፕሪል 1846 በ«ግራሃምስ» መጽሔት ላይ ግጥሙን እንዴት እንደሠራው በዝርዝር ጻፈ። እንደ አባባሉ ሥራው እንደ ሒሳብ ነበር፦ ርዝመቱ ወደ 100 ስንኝ፣ ስሜቱ ሐዘን፣ በየአንጓው መጨረሻ የሚደጋገም አንድ ቃል። ቃሉን ደጋግሞ ሰው ቢናገረው አሳማኝ አይሆንም፤ ስለዚህ የሚናገር ግን የማያስብ ፍጡር አስፈለገ። በቀቀን መጣለት፤ ከዚያ ለስሜቱ የሚስማማው ቁራ መሆኑን ወሰነ። ከግጥማዊ ርእሶች ሁሉ የላቀው የቆንጆ ሴት ሞት ነው ብሎ የጻፈውም እዚያው ጽሑፍ ላይ ነው።

ሁሉንም በስሌት እንደሠራው መናገሩን ብዙ ተቺዎች ይጠራጠሩታል፤ እኔም እጠራጠራለሁ። ሚስቱ በጠና ታማ ቤት ተኝታ ሳለ ስለ ቆንጆ ሴት ሞት እንደ አናጢ እየለካ የሚጽፍ ሰው፣ የሚሸሸው ነገር አለው። ያ ጽሑፍ ግን አንድ ትልቅ እውነት ይዟል። ሐዘንተኛው ቁራው ከአንዲት ቃል በቀር ምንም እንደማያውቅ ገብቶታል። ቃሏም እምቢታ ናት። እንዲያም ሆኖ ጥያቄውን እያከበደ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ስሙን፣ ከዚያ የሐዘኑን መድኃኒት፣ በመጨረሻም ሌኖርን በገነት ዳግም ያቅፋት እንደሆነ። መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሚጠይቀውም ስለሚያውቀው ነው። ፖ ይህን ሲያብራራ የሰው ልጅ ራሱን ለማሠቃየት ያለው ጥማት ነው ይላል። ሰው የሞተበት ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ «ቀድሜ ሐኪም ዘንድ ወስጃት ቢሆንስ?» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ራሱን የሚጠይቅ ሰው መልስ ፈልጎ አይደለም።

የሐዘኑ መድኃኒት የተባለው ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው፤ ነቢዩ ኤርምያስ የጠየቀው የገለዓድ መድኃኒት። የፖ ሐዘንተኛ የነቢዩን ጥያቄ ወስዶ ለወፍ አቀረበው።

ጥቂት ፈጣን እውነታዎች፦ ግጥሙ 18 አንጓ፣ 108 ስንኝ ነው። «አሜሪካን ሪቪው» በተባለው መጽሔት ሲወጣ ገጣሚው «ኳርልስ» በሚል የብዕር ስም ተደብቆ ነበር። የግጥሙ ምት በ1844 ከወጣ የኤሊዛቤት ባሬት ግጥም ብዙ ተምሯል፤ ፖም ውለታውን አልካደም፣ በ1845 መጨረሻ የታተመውን የግጥም መድበሉን ለእሷ መታሰቢያ አደረገው። ግጥሙን ሲያጠናቅቅ ይኖርበት የነበረው የእርሻ ቤት ዛሬ የለም፤ በኒውዮርክ በምዕራብ 84ኛ መንገድ አካባቢ ነበር፤ መንገዱ አሁን በስሙ ይጠራል።

ያውቁ ኖሯል? ቁራ የሞት ወፍ የሆነው በቀለሙ ብቻ አይደለም። ቁራ ሁሉን በል ነው፣ በድንም ይበላል። ጦርነት በበዛበት የጥንት ሰሜን አውሮፓ ከውጊያ በኋላ ሜዳው ላይ የሚወርደው እሱ ነበር፤ የተሰቀሉ ወንበዴዎች ባሉበትም አይጠፋም። በጥንታዊ የእንግሊዝኛ የጀግንነት ግጥሞች ውጊያ ሲቃረብ ተኩላ፣ ንስርና ቁራ አብረው ብቅ ይላሉ፤ ይህ ልማድ በ«ቤዎልፍ» ውስጥም አለ። ሰዎች ያዩት እውነት ነበር፣ የደመደሙት ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፦ ቁራ ሞት ያለበት ይመጣል ማለት ቀርቶ ቁራ ሲመጣ ሞት ይመጣል ተባለ። ሟርት ሁሉ እንዲህ ነው የሚወለደው።

በስካንዲኔቪያ አፈ ታሪክ የአማልክት አለቃ ኦዲን ሁለት ቁራዎች አሉት፤ ሁጊንና ሙኒን። የአንዱ ስም ሐሳብ፣ የሌላው ትዝታ ማለት ነው። ጠዋት ዓለምን ሊዞሩ ይወጣሉ። ኦዲን ለሁለቱም ይሰጋል፤ አብልጦ የሚሰጋው ግን ትዝታ እንዳይቀርበት ነው። ፖ ይህን አስቦ ይሁን አይሁን፣ የእሱን ቁራ የማይነቃነቅ የሐዘን ትዝታ ምሳሌ ማድረጉን በዚያው በ1846 ጽሑፉ ማብቂያ ላይ ተናግሯል።

ለእኛ ቁራ እንግዳ አይደለም። ኖኅ ከመርከብ የላከው ቁራ «የቁራ መልእክተኛ» የሚለውን አነጋገር ትቶልናል፤ ተልኮ የማይመለስ ሰው ማለት ነው። የፖ ቁራ በተቃራኒው ሳይላክ መጥቶ አልሄድም ያለ ነው። ነቢዩ ኤልያስን በኮራት ወንዝ ዳር እንጀራና ሥጋ እያመጡ የመገቡትም ቁራዎች ናቸው፤ ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ወፉ ከሃዲም መጋቢም ሆኖ ይገኛል። በኢትዮጵያ ደጋ የምናየው ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራ ከማጅራቱ በላይ ነጭ ምልክት አለው፤ ርዝመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ በቁራ ዘር ውስጥ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። የፖ ቁራ ሌላ ዝርያ ነው፤ ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ ጥቁር።

ያውቁ ኖሯል? ከፖ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ1611 በለንደን የታተመ «ሦስቱ ቁራዎች» የሚባል የሕዝብ ዘፈን አለ። ቁራዎቹ ቁርሳችንን የት እንብላ ሲባባሉ የሞተ ፈረሰኛ ያያሉ፤ ነገር ግን ውሾቹ ይጠብቁታል፣ ጭልፊቶቹ ያንዣብቡበታል፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ዋላ መጥታ ቁስሉን ስማ ትቀብረውና እዚያው ትሞታለች። ዋልተር ስኮት በ1800ዎቹ መጀመሪያ ያሳተመው የስኮትላንዱ ቅጂ ይህን ሁሉ ነጠቀው። ውሻው አደን ሄዷል፣ ጭልፊቱ የለም፣ ሚስቱ ሌላ አግብታለች፤ ለቁራዎቹ ሜዳው ተለቆላቸዋል። አልቃሽ ያለው ሬሳና አልቃሽ ያጣ ሬሳ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ላነበበ ሰው የጎቲክ ግጥም ጭንቀቱ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ከሞት ይልቅ የሚያስፈራው የሚያለቅስ ማጣት ነው።

«ጎቲክ» የሚባለው ሥነ ጽሑፍ በልብ ወለድ መልኩ የጀመረው በሆራስ ዋልፖል «የኦትራንቶ ቤተ መንግሥት» በ1764 ነው ይባላል። ግጥሙ ግን ቀድሟል። በ1740ዎቹ በእንግሊዝና በስኮትላንድ «የመቃብር ገጣሚያን» የሚባሉ ጸሐፊዎች ተነሡ። ከእነሱ ዋነኞቹ ሁለቱ ካህናት ነበሩ። ኤድዋርድ ያንግ ሚስቱን፣ የሚስቱን ልጅና የልጅቱን ባል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ካጣ በኋላ ከ1742 ጀምሮ ረጅሙን የሌሊት ግጥሙን አሳተመ። ሮበርት ብሌር ደግሞ በ1743 «መቃብር» የተባለውን አወጣ። ቶማስ ግሬይ ወዳጁን ሪቻርድ ዌስትን በ1742 አጥቷል፤ የገጠር ቤተ ክርስቲያን መቃብር ላይ የጻፈው ዝነኛ ሙሾ በ1751 ታተመ። በግሬይ ግጥም ውስጥ ከተሸፈነው የደወል ቤት ላይ ለጨረቃ አቤት የምትለዋ ጉጉት ናት።

ጉጉትስ ለምን? ምክንያቱ ቀላል ነው። በእንግሊዝ ገጠር በብዛት የምትገኘው ነጣ ያለች ጉጉት ጎጆዋን የምትሠራው በጎተራ፣ በፍርስራሽና በደወል ቤት ውስጥ ነው። ላባዋ ስትበር ድምፅ አያሰማም። ድምፅ ስታወጣ ደግሞ እንደ ሰው ትጮኻለች። በጨለማ ከመቃብር መካከል ነጭ ነገር ያለ ኮሽታ ሲያልፍና ከዚያ ሲጮህ ያየ ገበሬ መንፈስ አየሁ ቢል አይፈረድበትም። በእኛም አገር ጉጉት ጣራ ላይ ስትጮህ በክፉ ገድ የሚወስዱ ሽማግሌዎች አሉ፤ ወፏ ግን የምታድነው አይጥ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በእንግሊዝኛ ግጥም ከቁራ ቀጥሎ ዝነኛ የሆነው የእርግማን ወፍ፣ አልባትሮስ የተባለው የገጣሚው የኮልሪጅ የባሕር ወፍ፣ የተወለደው ከእውነተኛ ተኩስ ነው። በ1719 ሳይመን ሃትሊ የሚባል የመርከብ መኮንን በደቡብ አሜሪካ ጫፍ አካባቢ ለቀናት መርከቧን የተከተለ አንድ ጥቁር አልባትሮስ ተኩሶ ገደለ። የመርከቧ አዛዥ ጆርጅ ሼልቮክ በ1726 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ እንደጻፈው ሃትሊ በትካዜ ተውጦ ነበር፤ የወፉን ጥቁረት አይቶ ማዕበሉን ያመጣብን ይህ ነው ብሎ አሰበ። ወፉ ሞተ፤ ክፉው ነፋስ ግን አልተዋቸውም። ገጣሚው ዊሊያም ዎርድስዎርዝ ይህን መጽሐፍ አንብቦ ነበርና በ1797 ከኮልሪጅ ጋር በእግር ሲጓዙ ሐሳቡን ሰጠው። «የሽማግሌው መርከበኛ ታሪክ» በ1798 ታተመ።

ኮልሪጅ ታሪኩን ሲወስድ አንድ ነገር ለወጠ። የሃትሊ ወፍ የተገደለው ክፉ ገድ ነው ተብሎ ነው፤ የኮልሪጅ ወፍ ግን መልካም ገድ ሳለ ያለ ምክንያት ተገደለ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የመርከበኞቹ ነገር ነው። ወፉ ሲሞት መጀመሪያ ነፋስ የሚያመጣልንን ገደልክ ብለው ገዳዩን ረገሙት። ጉሙ ሲገለጥ ጉም ያመጣብንን ስለገደልክ ደግ አደረግህ አሉት። ነፋሱ ሲቆምና ውኃ ሲጠማቸው ተመልሰው ወነጀሉትና በድኑን በአንገቱ ላይ አንጠለጠሉበት። በሦስት የአየር ለውጥ ሦስት ፍርድ። አጉል እምነት እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ አጥርቶ ያሳየ ሌላ ግጥም አላውቅም። በመጨረሻ 200ዎቹ መርከበኞች ሁሉ ይሞታሉ፤ ገዳዩ ብቻ ታሪኩን እየተናገረ እንዲዞር ይቀራል። ወፉ ከአንገቱ የወደቀው ሽማግሌው የባሕር እባቦችን ውበት አይቶ ሳያስበው ከልቡ በባረካቸው ጊዜ ነው።

በተግባርስ? የዚያ ዘመን መርከበኞች አልባትሮስን በመንጠቆ እያጠመዱ ይበሉ ነበር፤ የእግሩን ቆዳም የትምባሆ ከረጢት ያደርጉት ነበር። ወፉን መግደል ኃጢአት ነው የሚለው እምነት እንዲያ እንዲገን ያደረገው በአብዛኛው ግጥሙ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ገጣሚው ጆን ኪትስ በ1819 ጸደይ ናይቲንጌል ስለተባለው ዘማሪ ወፍ ዝነኛ ግጥሙን ሲጽፍ ወንድሙ ቶም ከሞተ ስድስት ወር አልሞላውም። ቶም የሞተው በ19 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ያስታመመው ኪትስ ነበር። ራሱም በ1821 በዚያው በሽታ በሮም ሞተ፤ ዕድሜው 25። ናይቲንጌል በጥንታዊ አፈ ታሪክ የተደፈረችና ምላሷ የተቆረጠ ፊሎሜላ ተለውጣ የሆነችው ወፍ ናት ይባላል፤ ለዚህም ገጣሚዎች ለዘመናት ዜማውን የሴት እንጉርጉሮ አድርገውታል። በተፈጥሮ ግን ሌሊቱን የሚዘምረው ወንዱ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በእንግሊዝ ገጠር የርግብ ላባ ባለበት ትራስ ወይም ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው ነፍሱ አትወጣም ይባል ነበር። ስለዚህ ጣር የጠናበትን ሰው ከአልጋው አንሥተው ሌላ ቦታ የሚያስተኙ ቤተሰቦች ነበሩ። ገጣሚዋ ኤሚሊ ብሮንቴ ይህን ታውቅ ነበር። በ1847 በታተመው «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ልብ ወለዷ ውስጥ ካትሪን በትኩሳት ተይዛ ትራሷን በጥርሷ ቀድዳ ላባዎቹን በየወፉ ለይታ ትደረድራለች፤ የርግቡን ላባ ስታገኝም ሞት እምቢ ያላት ለምን እንደሆነ የተረዳች ይመስላታል። ኤሚሊ ራሷ ከሜዳ ያነሣችው ኔሮ የሚባል ጭልፊት ነበራት። በ1842 አክስቷ ሞታ ከብራስልስ ስትመለስ ኔሮን አላገኘችውም፤ እሷ በሌለችበት ለሌላ ተሰጥቷል። በማስታወሻዋ ላይ እንደጻፈችው ጠይቃ አፈላልጋ ነበር፤ ወሬው ግን ጠፋ።

አሁን ደግሞ በዚህ ዓምድ ካሉት ሁሉ የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። ሠዓሊና ገጣሚው ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ በወጣትነቱ በ«ቁራው» ተማርኮ ሥዕሎችን ሠርቶለታል። «የተባረከችው ልጃገረድ» የሚለውን ግጥሙን የጻፈው፣ ፖ በምድር የቀረውን ሰው ሐዘን ከጨረሰው እኔ በሰማይ ያለችውን ናፍቆት ልሞክር ብሎ እንደሆነ ተናግሯል። ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ሐዘንን የሚያውቀው በወረቀት ነበር። በፌብሩዋሪ 1862 ሚስቱ ኤሊዛቤት ሲዳል ላውዳነም የተባለውን የኦፒየም መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዳ ሞተች። ሮሴቲ ያልታተሙ ግጥሞቹን የጻፈበትን ደብተር በሬሳ ሣጥኗ ውስጥ አኖረው። በ1869 ሐሳቡን ለወጠ፤ በኦክቶበር መቃብሩ በሌሊት ተከፍቶ ደብተሩ ወጣ።

በዚያው ዓመት በስኮትላንድ ወዳጆቹ ዘንድ በእንግድነት ሳለ መንገድ ላይ ቻፊንች የምትባል ትንሽ ወፍ አገኘ። ወፏ አልሸሸችም፤ በእጁ አነሣት። አብሮት የነበረው ገጣሚው ዊሊያም ቤል ስኮት በትዝታ መጽሐፉ እንደጻፈው ሮሴቲ ወፏ የሚስቱ ነፍስ ናት ብሎ አመነ፤ ስኮት ሊያስተባብለው ቢሞክር አልሰማውም። በወጣትነቱ የሐዘንተኛና የወፍ ግጥም ያደነቀ ሰው፣ በ41 ዓመቱ ራሱ ወፍ የሚጠይቅ ሐዘንተኛ ሆነ። ወፏ ምንም አላደረገችም። የቀረውን ሁሉ የሞላው ጸጸቱ ነው።

ገጣሚው አልፍሬድ ቴኒሰን ደግሞ ወፉን ራሱ ሆነው። ወዳጁ አርተር ሃላም በ1833 በ22 ዓመቱ በቪየና ሲሞት አስከሬኑ በመርከብ ወደ እንግሊዝ መጣ። ቴኒሰን ለ17 ዓመት በጻፈውና በ1850 ባሳተመው የመታሰቢያ ግጥም ውስጥ ነፍሱ መርዶ እንደያዘች ርግብ ወጥታ ባሕሩ ላይ መርከቧን ልትቀበል ትሄዳለች።

ያውቁ ኖሯል? «ስድስቱ ቁራዎች ከለንደን ታወር ከሄዱ መንግሥቱ ይወድቃል» የሚለው ዝነኛ ንግርት ከንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ዘመን ጀምሮ እንዳለ ይነገራል። የዚህን የለንደን ምሽግ ታሪክ የመረመሩ ሰዎች ግን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በፊት ቁራዎቹ እዚያ ይጠበቁ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ማለትም ቁራዎቹ እዚያ ለመታየት የበቁት ከፖ ግጥም በኋላ፣ ጎብኚው ሕዝብ ጎቲክ ነገር በሚያፈቅርበት ዘመን ነው። በ2021 መርሊና የተባለችው ቁራ ስትጠፋ የዓለም ጋዜጦች ዘገቡት። በዚያን ጊዜ የቀሩት ሰባት ነበሩና ንግርቱ አልተነካም።

ወፎቹ ራሳቸውስ ያዝናሉ? የአሜሪካ ቁራዎች የሞተ ቁራ ሲያዩ ተሰብስበው ይጮኻሉ፤ ሰዎች «የቁራ ቀብር» ይሉታል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኬሊ ስዊፍትና ጆን ማርዝሉፍ በ2015 ባሳተሙት ጥናት ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች የሞተ ቁራ ይዘው እንዲቆሙ ተደረገ። ቁራዎቹ ያንን ጭምብል ለሳምንታት አስታውሰው፣ ሰውየው ባዶ እጁን ሲመጣ እንኳ ይጮኹበት ነበር። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ ቁራዎች በሬሳው ዙሪያ የሚማሩት አደጋ የት እንዳለ ነው የሚል ነው። ሰው በወፍ ሞትን ሲተነብይ ኖረ፤ ሞትን በሰው ፊት ላይ የሚያነብበው ግን ቁራው ሆኖ ተገኘ።

የፖ ግጥም አትላንቲክን ተሻግሮም ኖሯል። ፈረንሳዊው ስቴፋን ማላርሜ በ1875 ሲተረጉመው ሥዕሎቹን የሠራለት ኤድዋር ማኔ ነው። ጉስታቭ ዶሬ ደግሞ ለዚሁ ግጥም የሠራቸው ሥዕሎች መጽሐፍ ሆነው ሲወጡ ለማየት አልታደለም፤ በጃንዋሪ 1883 ሞተ። በባልቲሞር ከተማ ከ1996 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን «ሬቨንስ» የተባለው በዚህ ግጥም ነው፤ የቡድኑ ሦስት ቁራ አሻንጉሊቶችም በመጀመሪያ ኤድጋር፣ አለንና ፖ ተብለው ተሰይመው ነበር።

የባልቲሞር ነገር ከተነሣ፦ ፖ እዚያ የሞተው በኦክቶበር 7 ቀን 1849 ነው፤ በ40 ዓመቱ። ቀባሪዎቹ ጥቂት ነበሩ። «አናቤል ሊ» የተባለው ሌላው የሐዘን ግጥሙ ጋዜጣ ላይ የወጣው ከሞተ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ቨርጂኒያ ተቀብራ የነበረችው በኒውዮርክ ነው፤ ያ መቃብር ሲፈርስ ዐፅሟ ተለቅሞ በጃንዋሪ 1885 ከባሏ አጠገብ ዐረፈ።

የመጨረሻው፦ የፖ ቁራ አጎት አለው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ግሪፕ የሚባል የሚናገር ቁራ ያሳድግ ነበር፤ በ1841 በወጣው «ባርናቢ ራጅ» ልብ ወለዱ ውስጥም ግሪፕን ገጸ ባሕርይ አደረገው። ወፉ በዚያው ዓመት በማርች ሞተ፤ ቀደም ሲል በልቶት የነበረው ቀለም ነው የገደለው ተባለ። ፖ በፌብሩዋሪ 1842 ስለ መጽሐፉ ሲጽፍ ዲከንስ ቁራውን በሚገባ አልተጠቀመበትም፣ ጩኸቱ እንደ ትንቢት ሊሰማ ይገባ ነበር ሲል ተቸ። ከሦስት ዓመት በኋላ ይህን ያደረገው ራሱ ነው። ዲከንስ የግሪፕን በድን አድርቆ በመስታወት ሣጥን አኖረው፤ ዛሬ የሚገኘው በፊላደልፊያ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ብርቅ መጻሕፍት በሚጠበቁበት ክፍል ነው። በዚያ አካባቢ የምትኖሩ ወይም የምታልፉ አንባቢዎች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዩት።